ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ የተከለከለ ሕፃን

የቱሪዝም ሥራችን መሥራች አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያላት አገር ብለው ለውጭ ጐብኚዎች ካስተዋወቋት ጊዜ ጀምሮ፣ ይህ ስም በየሥዕሉና በየማስታወቂያው እየታተመ ዓለምን ዞሯል፤ ስሙም እውነት ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ስፍራ የተቀመጠች፣ የሕዝቧም ብዙው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋና ወይና ደጋ የሚኖርባት አገር፣ ፀሐይን ከማንም ለምና የምትቀበል አይደለችም። እንዲህ ባለች አገር፣ ያውም በመናገሻ ከተማዋ፣ ፀሐይ ከማጣት የተነሣ አጥንታቸው የለሰለሰ ሕፃናት በየሐኪም ቤቱ ሲታዩ፣ ነገሩ ከድኽነት ብቻ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ፀሐይ በገንዘብ አትሸጥምና፤ የደኻውንም የባለጠጋውንም ደጅ እኩል ታበራለችና።

በሽታው በሐኪሞች ዘንድ ሪኬትስ ይባላል። የሕፃን አጥንት የሚጠነክረው በካልሲየምና በፎስፎረስ ሲሆን፣ እነዚህ ማዕድናት ከአንጀት ወደ ደም እንዲሻገሩ የሚያደርገው ደግሞ ቫይታሚን ዲ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሌሎቹን ቫይታሚኖች ሰው ከምግብ ሲያገኛቸው፣ ይህን ግን ፈጣሪ በጥበቡ በገዛ ቆዳችን ውስጥ እንዲሠራ አድርጎታል፤ ይኸውም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የተባለ ጨረር በቆዳ ሥር ያለውን አንድ ዓይነት ስብ ሲመታው ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል፣ ጉበትና ኩላሊትም ተራ በተራ አጣርተው ለሥራ ያበቁታል። በምግብ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። የዓሣ ዘይትና የእንቁላል አስኳል ካልሆነ በቀር በማዕዳችን ላይ የሚቀርበው ነገር ሁሉ ከዚህ ንጥረ ነገር ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ በሌላው ሁሉ ወደር የሌለው የእናት ጡት ወተት እንኳ በዚህ አንድ ነገር ጐደሎ ነው፣ ይልቁንም እናቲቱ ራሷ ቤት ውስጥ ተዘግታ የከረመች እንደ ሆነች።

ፀሐይ ያጣው ሕፃን እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቈያል፣ ጥርስ ማብቀያው ይዘገያል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ የጐድኑም አጥንቶች በሚጋጠሙበት ስፍራ እንደ መነኵሴ መቍጠሪያ ዶቃ በተራ እየተጐረበጡ ይወጣሉ፤ ቆሞ መሄድ ሲጀምርም ክብደቱን መሸከም ያልቻለው እግሩ ይወላገዳል። እናት ይህን ስታይ አብዛኛውን ጊዜ ልጄ ሰነፍ ሆነብኝ፣ ድክ ድክ ማለት ዘገየብኝ ብላ ትታገሣለች እንጂ በሽታ መሆኑን አታውቅም።

ከወልጋዳ እግር የከፋውን ነገር ያሳዩን የአገራችን የሕፃናት ሐኪሞች ናቸው። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ በ1989 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች የታመሙ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 500 ሕፃናት የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር ተነጻጽረው ነበር። ከታመሙት ከአሥሩ አራት ያህሉ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፣ ከሌሎቹ ግን በሽታው የታየው ከመቶ በአራት ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ ከታሰቡ በኋላም በሳንባ ምች በታመሙት ዘንድ ሪኬትስ የመገኘቱ ነገር በ13 እጥፍ ያህል በልጦ ተገኘ። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ የለሰለሰ የጐድን አጥንት ደረትን ደግፎ አያስተነፍስም፣ ቫይታሚን ዲ ያነሰውም ሰውነት ከደዌ ጋር የሚዋጋበት ኀይሉ ይደክማል። የሳንባ ምች ደግሞ በአገራችን ሕፃናትን ከሚነጥቁት ደዌዎች ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ መሆኑን የማያውቅ የለም። እንግዲህ በጓዳ የተሸሸገው ሕፃን የሚያጣው ቀና እግርን ብቻ ሳይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ሕይወቱንም ነው።

የዚህ ደዌ ታሪክ የሰው ልጅ ዓይኑ ሥር ያለውን መድኀኒት ለማየት ስንት ዘመን እንደሚፈጅበት የሚያስረዳ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ልቈይበት እወዳለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን ስለ ሪኬትስ ታላቁን መጽሐፍ በ1650 ሲያሳትም ደዌውን በሚገባ ገልጾታል፣ መንሥኤውን ግን አላገኘውም። የአውሮፓ ከተሞች በፋብሪካ ጢስ ጠቍረው፣ ጠባብ መንገዶቻቸውም በረጃጅም ቤቶች ተጋርደው በነበረበት ዘመን የሠራተኛው ልጆች በገፍ ይወላገዱ ነበር። ፖላንዳዊው ሊቅ ዬንድዤይ ሽኒያዴትስኪ በ1822 የዋርሶን ከተማ ልጆች ከገጠር ልጆች ጋር አስተያይቶ፣ ልዩነቱ የፀሐይ መሆኑን ተረድቶ ልጆችን ወደ ሜዳ አውጡ ሲል መከረ፤ የሰማው ግን አልነበረም። በጃፓን ሚሲዮናዊ ሐኪም የነበረው ቴዎባልድ ፓልም በዚያ አገር ይህን ደዌ ሳያይ ኖሮ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ በብዛት ስላገኘው ተደነቀ፤ በልዩ ልዩ አገር ወደሚያገለግሉ ሚሲዮናውያን እየጻፈ ምስክርነታቸውን ካሰባሰበ በኋላ፣ ፀሐይ ባለበት ሪኬትስ የለም፣ ሪኬትስ ባለበት ፀሐይ የለም የሚለውን አሳብ በ1890 አስታወቀ። እርሱንም ቢሆን የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። በመጨረሻ በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም የታመሙ ልጆችን አልትራቫዮሌት በሚሰጥ ፋኖስ ፊት አስቀምጦ አዳናቸው፤ ከሁሉ የሚያስደንቀውም የአንድ ልጅ አንድ ክንድ ብቻ ለብርሃን ሲጋለጥ በጥላ የቀረው ሌላው ክንድ አብሮ መዳኑ ነው፣ በዚህም ብርሃኑ በቆዳ ውስጥ የሠራው ነገር በደም አማካይነት ወደ መላው አካል እንደሚደርስ ታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ አልፍሬድ ሄስና ባልደረባው ኧንገር ሕፃናትን ያለ ምንም መሣሪያ ፀሐይ ብቻ አስሙቀው ፈወሱ። ከግሊሰን እስከዚህ ድረስ ወደ 270 ዓመት ይሆናል፤ መድኀኒቱ ግን በእነዚያ ዘመናት ሁሉ በየቀኑ ከምሥራቅ ይወጣ ነበር።

አውሮፓን ጢስና ደመና ጋረዷት፤ እኛን የጋረደን ምንድር ነው? እኛን የጋረደን ፍርሀት ነው። ሕፃን ምች ይመታዋል፣ ብርድ ይገባዋል፣ የሰው ዓይን ይወጋዋል እየተባለ በጓዳ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ለአንድ አፍታ ብቅ ሲልም በጋቢና በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ተሸፍኖ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከአራስ ቤት እንዳይወጡ የሚደረግበት አገር ብዙ ነው። ይህን ልማድ በጠቅላላው የምነቅፍ አይደለሁም። አራሷ ከማድጋና ከወፍጮ ተለይታ እንድታርፍ፣ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት ኀይሏ እንዲመለስ፣ ገና ለጋ የሆነውም ሕፃን ከብዙ ሰው ትንፋሽ እንዲጠበቅ ማድረጉ አባቶቻችንና እናቶቻችን በአእምሮ የሠሩት ሥራ ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ተቀብላ የያዘችው የ40ና የ80 ቀን ሥርዐት ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባትና ስለ መንጻት የተነገረ እንጂ፣ ሕፃኑ ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ እንዲከለከል የሚያዝዝ አይደለም። ሁለቱን የቀላቀለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ይህንም ከማንም ይልቅ የነፍስ አባቶች አስረግጠው ቢናገሩ፣ ሐኪም በአሥር ዓመት የማያሳምነውን ቤተ ሰብ በአንድ የጸሎት ጉብኝት ያሳምኑታል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሕፃኑን ቅቤ ወይም ቫዝሊን ቀብተው በየጠዋቱ ፀሐይ የሚያሞቁ እናቶች በየመንደሩ አሉ፤ ይህም ከልማዶቻችን ሁሉ የማከብረው ልማድ ነው። ችግሩ ይህን ማድረግ የምትወድ እናት በዛሬው ከተማ ስፍራ ማጣቷ ነው። በአንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ደጇ ከጐረቤት ግድግዳ ጋር የተገጣጠመባት፣ ወይም በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በስተ ሰሜን ፊቱን ያዞረ ቤት የደረሳት እናት፣ ልጇን ይዛ የምትቀመጥበት አንድ መደብ ፀሐይ አላገኘችም። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅም ሕፃኑ ከሞግዚት ጋር በቤት ተቈልፎ ይውላል። የቤት ፕላን የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት የመጸዳጃውንና የመኪና ማቆሚያውን ልክ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ሕፃንና አረጋዊ የሚቀመጡበት ፀሐያማ ግቢ የት እንደ ሆነ መጠየቅ ግዴታው ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ፀሐይ ማሞቅም የራሱ ብልሃት አለው። በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ቢሞቅም፣ ቫይታሚን ዲን የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋልና አይጠቅምም። እንዲሁም ገና ጎሕ እንደ ቀደደ ያለው ፀሐይ ለዓይን ደስ ቢያሰኝም ይህ ጨረር በብዛት የሚደርሰን ፀሐይ ከፍ ስትል፣ የሰውም ጥላ ከቁመቱ እያጠረ ሲሄድ ነው፤ ይኸውም በአገራችን እንደ ወራቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ ወደ 10 ከመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ እንደ አዲስ አበባና እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ረፋድ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብዙ ይሠራል። ጠቈር ያለ ቆዳ ጨረሩን ስለሚመክት ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሕፃኑ ዓይኑ ተጋርዶ፣ እጁ እግሩና ጀርባው ተገልጦ፣ በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ሊሞቅ ይገባል እንጂ በቀትር ሐሩር ሊጣድ አይገባም። በተለይ ቆዳቸው ቀለም አልባ ሆኖ የተወለዱ ወገኖቻችን ከዚህ ምክር ውጭ ናቸው፤ ለእነርሱ ፀሐይ የቆዳ ካንሰር የምታመጣ ስለ ሆነች ባርኔጣ፣ ረዥም እጅጌና የቆዳ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋቸዋል፣ ይህንንም ቅባት በርካሽ ዋጋ እንዲያገኙ ማድረግ የመንግሥት ዕዳ ነው።

ከአገር ርቀው የሚኖሩት ወገኖቻችን ነገር ደግሞ የተለየ ነው። በስቶክሆልም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትዞር፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ውጭ ቢውልም ቆዳው ይህን ቫይታሚን ለመሥራት የሚበቃ ጨረር አያገኝም፤ ጠቈር ያለ ቆዳ ይዞ በዚያ የሚኖር ሰው የሐኪም ጠብታ ወይም ክኒን መውሰዱ ግድ ነው። ፀሐይ በማይጐድልባት በእስራኤል እንኳ በኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ሴቶች ላይ በተደረገ ምርመራ የቫይታሚኑ እጥረት በዝቶ ተገኝቷል። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው ወራት ሙሉ ከደጅ የማይወጡ እኅቶቻችንም ከአሸዋው በላይ በምትነድደው ፀሐይ ሥር ሆነው ፀሐይን የተራቡ ናቸው። ዘመድ ስልክ ሲደውልላቸው ስለ ደመወዛቸው እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ከደጅ ትወጫለሽ ወይ፣ ሰማይ ታያለሽ ወይ ብሎ ሊጠይቃቸው ይገባል።

እስካሁን ስለ ብርሃን ተናገርሁ፤ ለጤና ግን ጨለማም እንደ ብርሃን ያስፈልጋል። ፈጣሪ ብርሃንን ከጨለማ ሲለይ ሁለቱንም በስም የጠራቸው፣ ለሁለቱም ጊዜ የወሰነላቸው በከንቱ አልነበረም። ሚሼል ሲፍር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የከርሰ ምድር ተመራማሪ በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሐምሌ 16 ቀን፣ ሰዓትና ቀን መቍጠሪያ ሳይይዝ በአልፕስ ተራራ ወደሚገኝ ጥልቅ ዋሻ ወረደ። እስከ መስከረም 14 ቀን ከቈየ በኋላ ጊዜው ደርሷል ብለው ሲያወጡት፣ በእርሱ ቍጥር ገና ነሐሴ 20 ነበር፤ አእምሮው 25 ቀን ጠፍቶበታል። ሰውነቱ ግን ፀሐይ ሳያይ ከ24 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ዙር ሲተኛና ሲነቃ መቈየቱ ተረጋገጠ። በሰው አካል ውስጥ የማይቆም ሰዓት አለ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ሰዓት በየዕለቱ በፀሐይ ካልተቃና ጥቂት በጥቂት ይዛነፋል። የዚህ ሰዓት መዘውር ከሁለቱ የዓይን ነርቮች መተላለፊያ በላይ፣ በአእምሮ ሥር የሚገኙ ወደ 20,000 የሚሆኑ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ አሠራሩን በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የፈለቀቁት ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሌሊት ሲጨልም በአእምሮ ውስጥ ያለች አንዲት ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ቅመም ታፈስሳለች፤ ይህም ለመላው አካል መምሸቱን የሚያበሥር ነው። ብርሃን በዓይን ሲገባ ግን ዕጢዋ ታቆማለች። የብርሃን ልክ በሉክስ ይመጠናል፤ አንድ ሻማ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ብርሃን አንድ ሉክስ ያህል ነው፣ በመብራት የደመቀ ክፍል ከ100 እስከ 300፣ ደመና በሸፈነው ቀን ደጅ 10,000 ያህል፣ በጠራ ቀትር ደግሞ ወደ 100,000 ይደርሳል። በዚህ ሚዛን ስናየው፣ ቀኑን በቢሮ ውስጥ የሚውል ሰው ለሰውነቱ በድንግዝግዝ ውሎ፣ ሌሊቱን በመብራትና በስልክ ፊት የሚያመሽም ለሰውነቱ ሳይመሽለት ያድራል ማለት ነው። በዓይን ውስጥ ሰዓቱን የሚያቃኑት ልዩ ሕዋሳት ይልቁንም ሰማያዊውን ብርሃን የሚከተሉ ናቸው፤ የስልክም ብርሃን በዚህ ቀለም የበለጸገ ነው። አበው መነኰሳት በመንፈቀ ሌሊት ተነሥተው በጧፍ ብርሃን ሰዓታት ሲያደርሱ ኖረዋል፤ የጧፉ ብርሃን ለዳዊቱ ገጽ የሚበቃ እንጂ ሌሊቱን የሚሽር አልነበረም፣ ከኪዳን በኋላም የንጋት ፀሐይ በዐጸዱ ውስጥ ይቀበላቸዋል። የዛሬው ወጣት ግን በእንቅልፍ ሰዓቱ የሚያነበው በእጁ ከሚነድድ መስኮት ነው፤ ጠዋትም በፀሐይ ፈንታ በማንቂያ ደወል ይነሣል።

በዚህ ክፍል ከሁሉ የማዝንላቸው ሌሊት የሚሠሩት ናቸው፤ ዘበኞች፣ ነርሶች፣ ሌሊት ሲጋግሩ የሚያድሩ፣ በየፋብሪካው በሦስተኛው ፈረቃ የሚቆሙ ሰዎች። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2007 የሰውነትን ሰዓት የሚያናጋ የሌሊት ፈረቃ ሥራን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው አጥብቀው ከሚጠረጠሩ ነገሮች ዘንድ መድቦታል። ያለ እነርሱ ከተማ አይነጋም፤ ስለዚህ አሠሪዎች ፈረቃውን በየሳምንቱ ከማገለባበጥ እንዲቆጠቡ፣ ለሌሊት ሠራተኛም ቀን የሚተኛበት በእውነት የጨለመ ክፍል እንዲያስቡለት መጠየቅ ችሮታ መለመን አይደለም።

ስለ ትምህርት ቤትም አንድ ቃል መናገር አለብኝ። ልጆች በቀን ደጅ የሚውሉበት ጊዜ ሲያንስ ዓይናቸው ሩቁን የማየት ኀይሉን እንደሚያጣ ተረጋግጧል፤ ታይዋን ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎቿ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ውጭ እንዲሆኑ የምትተጋው ለዚህ ነው። በከተሞቻችን ግን ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ተከራይቶ፣ ግቢውን በክፍሎች ሞልቶ፣ ሕፃናትን ከጠዋት እስከ ማታ በጣራ ሥር የሚያስቀምጥ መዋዕለ ሕፃናት እየበዛ ነው። ፈቃድ ሰጪው የወንበሩን ቍጥር ይቈጥራል፤ ልጆቹ የሚሮጡበትን ፀሐያማ መሬትም በሜትር መለካት አለበት።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያው ስፍራ ሕፃኑ ነው። በአገራችን እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ ወንዱ ክርስትና ከተነሣ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ይውላል። በእነዚህ ሦስት ቀናት መርፌውን የምትወጋው ባለሙያ ሕፃኑን ከጨርቁ ገልጣ የእጁን አንጓ እና የደረቱን ጐድን ብትዳስስ፣ እናቲቱንም ፀሐይ የምታሞቂበት ስፍራ አለሽ ወይ ብላ ብትጠይቃት፣ ስፍራ የላትም እንደ ሆነ የቫይታሚኑን ጠብታ በዚያው ሰዓት ብትሰጣት፣ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። ጠብታው በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ እንዲገኝ ማድረግ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ሥራ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ግን ክርስትና የሚያነሡት ካህን በዚያው ቀን ለእናቲቱ ከነገ ጀምሮ ልጅሽን በደጅሽ ፀሐይ አሙቂው ብለው ይንገሯት።